የናይለን ብይን

በእስራኤል፣ በሃይማኖተኞቹ ከተማ በብኔ ብራቅ፣ ሰው ሲሞት ፖሊስ አይጠራም። የሚጠሩት ቀባሪዎች ናቸው፤ ሬሳውን አጥበውና ከፍነው ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈር ያለብሱታል። በታሙዝ ወር፣ በበጋው መካከል፣ የበረሃ ነፋስ ከተማዋን እንደ ምድጃ ባጋላት በዚያ ሐሙስ ግን ወደ ጣቢያው የደወሉት የቀባሪዎቹ አለቃ ራሳቸው ነበሩ።

«ረቢ ኤልያቄም ጎርዲን ሞተዋል» አሉ ሽማግሌው። «ከደረጃ ወደቁ ተብሏል። እኔ አርባ ዓመት ሬሳ ገንዣለሁ፤ ይህን ግን አልገንዝም። ዓይን ያለው ሰው ላኩልኝ።»

ዓይን ያለው ተብሎ የተላከው ኢንስፔክተር ዘካርያስ ማድሞን ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ። የተወለደው የመን ውስጥ ነው፤ አባቱ ጨርቅን በጨለማ ዳስሰው የሚለዩ ሸማኔ ነበሩ። ልጃቸው ሸማኔነቱንም ጸሎቱንም ትቶ ፖሊስ ቢሆንም ጣቶቹ የልጅነት ትምህርታቸውን አልረሱም።

የረቢው ቤት ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድሩ ምኩራብ፣ ፎቁ መኖሪያ። እንግዳ የሚወጣው በመንገዱ በኩል ባለው የውጭ ደረጃ ነው። ከምኩራቡ የኋላ ክፍል ግን በቀጥታ ወደ ረቢው የጥናት ክፍል የሚያደርስ አንድ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ አለ። ሬሳው የተገኘው በዚህ በውስጠኛው ደረጃ ግርጌ፣ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ማጅራታቸው ላይ በደረጃው ጠርዝ የተመታ ቁስል ይታያል።

የቀባሪዎቹ አለቃ በሩን ዘግተው ተንበረከኩ። ደሙ የፈሰሰ ሰው እንደማይታጠብ፣ ደሙን እንደለበሰ እንደሚቀበር አስረዱ። ስለዚህ ደሙ እስከየት እንደደረሰ ለማየት የሸሚዙን ቁልፎች ፈትተው ነበር።

«እስቲ አንተም እየው» አሉት።

የሸሚዙ ኮሌታና ጀርባ በደም ደርቆ ቆርፍዷል። ከሁሉ በታች ያለው ካናቴራም በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ጠቁሯል። በሸሚዙና በካናቴራው መካከል ያለው ልብስ ግን ነጭ ነው። እሱም ሃይማኖተኛ ወንድ ሁሉ ከሸሚዙ ሥር የሚለብሰው፣ በአራቱ ማዕዘን በሕጉ የታዘዘው ዘርፍ የተንጠለጠለበት ሰደርያ ነበር። የረቢው ሰደርያ ከናይለን የተሠራ ነው። ደም አልነካውም፤ ጀርባው ላይ እንደ ዝገት ዱቄት ያለ ጥቂት ብናኝ ብቻ አለ።

«ከላይ ደም፣ ከታች ደም፣ መሀሉ ንጹሕ» አሉ ሽማግሌው። «ደም ዘሎ ያልፋል እንዴ?»

«አያልፍም» አለ ዘካርያስ።

ሰደርያውን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ አሸው። ደረቱ ላይ የደረቀ የላብ ጨው አለ። ሁለቱም ትከሻዎች ተሰንጥቀው በጥብጣብ የሚታሰሩ ናቸው፤ እንዲህ ዓይነት ስፌት አይቶ አያውቅም። ዘርፎቹ ደግሞ አንድም ክር ሳይጠላለፍ ተለያይተው በሥርዓት ተዘርግተዋል። ከደረጃ የተንከባለለ ሰው ዘርፍ እንዲህ አይሆንም።

ሰደርያው ደም ስለሌለበት ከሬሳው ላይ ሊወሰድ እንደሚችል ሽማግሌው ፈቀዱ። ጊዜ ግን አልሰጡም።

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ያንተ ነው። ከዚያ በኋላ የኔ ነው» አሉ።

የረቢውን ቤት የምታስተዳድረው ልጃቸው ብሉማ ነበረች፤ አርባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ያላገባች ሴት። ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ እጇን ጭኖቿ ላይ አድርጋለች። አላለቀሰችም፤ ማልቀሻው ገና እንዳልደረሰላት ታስታውቃለች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ገበያ ሄዳ አራት ሰዓት ላይ ተመለሰች። የጥናት ክፍሉ ባዶ ነበር። የውስጡን ደረጃ ወርዳ አገኘቻቸው። ዓይናቸውን ማን ከደነው ሲላት ቀና ብላ አየችው።

«ተከድኖ ነው ያገኘሁት። እኔ አልከደንኩትም።»

ዘካርያስ ይህን በልቡ ያዘ። ቀጥሎ አባቷ ዛሬ ጠዋት ምን ዓይነት ሰደርያ ለብሰው እንደነበር ጠየቃት። ብሉማ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

«ሱፍ» አለች ቀስ ብላ። «እኔው የሰፋሁለትን። ከፋሲካ ወዲህ ናይለን ለብሶ አያውቅም። ልብሱን የማጥበው እኔ ስለሆንኩ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።»

ነገሩን የነገረችው እየቆራረጠች ነው። ናይለን አገሩን መሙላት በጀመረ ጊዜ ሊቃውንቱ ተከፋፍለው ነበር። ገሚሱ፣ ናይለን እንደ ሱፍና ጥጥ ተፈትሎ የመጣ ሳይሆን እንደ ሙጫ ቀልጦ የወጣ ነገር ነው፤ እንደ ቆዳ ይቆጠራል፤ ቆዳ ደግሞ ዘርፍ አያስፈልገውም፤ ሲለብሰው በእሱ ላይ የሚባርክ ሰው የፈጣሪን ስም በከንቱ ይጠራል አሉ። አባቷ ግን ክሩ ከየትም ይምጣ ከተሸመነ ልብስ ነው ብለው ፈረዱ። እንዲህ እንዲፈርዱ ያደረጋቸው አንድ የተቃጠለ ወጣት ነበር። ይሳኮር ይባላል፤ የምኩራቡ አገልጋይ የጌዳልያ ቫክስ አንድ ልጅ ነው። የነዳጅ ምድጃ ፈንድቶበት አካሉ ሁሉ ቆስሎ ነበር። ሱፍ ያቃጥለዋል፤ ጥጥ ቁስሉ ላይ እየተጣበቀ ቆዳውን ይዞ ይነሣል። የማይጣበቀው ናይለን ብቻ ነው። ልጁ በተኛበት፣ ያለ ዘርፍ ልሞት ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አባቷ ሦስት ሌሊት ሳይተኙ መጻሕፍት አገላብጠው ፈቀዱለት። ለእሱ የተፈቀደው ለሁሉ ተፈቀደ። በሙቀት የሚሠራ ሁሉ ናይለን ለበሰ። ይሳኮር ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ልብስ ሞተ፤ እናቱም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። ብይኑ ግን ስድስት ዓመት ኖረ።

«አሁን ሊያፈርሰው ነበር» አለች ብሉማ። «አዲሱን ብይን ጽፎ ጨርሷል። ቅዳሜ በምኩራብ ሊያነብበው ነበር። ወረቀቱን ፈልጌ አጣሁት።»

ይህን ማን ማን ያውቅ እንደነበር ሲጠይቃት ሦስት ሰው ቆጠረች። ስድስት ዓመት ሙሉ በደብዳቤ የተሟገቷቸው፣ ከሶርያዋ ሀለብ የመጡት ሊቅ ሐካም ሙራድ ሻሜ፣ የናይለኑ ፋብሪካ ባለቤት ኦስካር ሽፒትዘር፣ እና ዘርፍ የሚያስሩ ሴቶች ኃላፊ ወይዘሮ ፍሩማ ላንዳው።

«ጌዳልያስ?»

«እሱ አያውቅም። አባቴ ‹ለጌዳልያ ራሴ ነኝ የምነግረው፤ እሱን ቀስ ብዬ ነው› ይል ነበር።»

ሐካም ሙራድ ምኩራቡ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ቀይ ታርቡሽ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ጠዋት ወደ ረቢው ዘንድ መምጣታቸውን አልካዱም። ከሁለት ሰዓት ከሩብ እስከ ሦስት ሰዓት ግድም አብረው ቆዩ፤ በውስጠኛው ደረጃ ወርደው በምኩራቡ በኩል ሲወጡ ጌዳልያ የተቀደዱ መጻሕፍት ሲያጣብቅ አዩት፤ ሰላም ተባብለው ተለያዩ።

«ጠላትዎ ነበሩ ይባላል» አለ ዘካርያስ።

«ስድስት ዓመት ሰደብኩት፤ ስድስት ዓመት ሰደበኝ። አህያ ብዬው በማግሥቱ ዘጠኝ ገጽ ጽፎ አህያ አለመሆኑን አስረዳኝ። ልጄ፣ ሰው ለጠላቱ ዘጠኝ ገጽ አይጽፍም።» ሽማግሌው ታርቡሻቸውን አሻሹ። «ዛሬ ተረታሁልህ አለኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ አልቅሼ ወረድኩ።»

ረቢው አዲሱን ብይን አንብበውላቸዋል፤ የመጨረሻዋን ገጽ ግን ይቺ ለአንተ አይደለችም ብለው ገልብጠው አስቀመጧት።

ሽፒትዘርን ያገኘው ከበሩ ውጪ፣ የግንብ ጥላ ሥር በኮፍያው ሲያራግብ ነው። ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ገና ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ረቢው ቢሞቱ የሚጠቀመው ማን ነው ልትለኝ ነው። እኔ ነኝ። ጻፈው።»

«ተጠቀሙ?»

«ሰባ ሠራተኛ አለኝ። ቅዳሜ ያ ወረቀት ቢነበብ እሑድ ማሽኑን አቆማለሁ። ይኸውልህ፣ ምክንያት ካልክ ይህ ነው።» ኮፍያውን ማራገቡን ተወ። «የሚያሳዝነው እኔው ነኝ ፋብሪካዬን ይዩልኝ ብዬ የጋበዝኳቸው። ቅልጡ በአንድ በኩል ክር ሆኖ ሲወጣ አዩ። ያው ቅልጥ በሌላ በኩል ለዝናብ ልብስ የሚሆን ዝርግ ፕላስቲክ ሆኖ ወጣ። ረቢው ቆመው ቀሩ። ‹ለካስ ነገሩ ያው ፕላስቲክ ነው፤ ሽመናው ትርፍ ነው› አሉኝ። ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ከወር በኋላ ነው።»

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ በውጭው ደረጃ ወጥቶ አንኳኳ፤ የሚከፍት አጥቶ ተመለሰ። ዘርፍ ያደርግ እንደሆነ ዘካርያስ ጠየቀው። ሰውዬው ሸሚዙን ከፈት አድርጎ ደረቱን አሳየው፤ ምንም የለም።

«ከአውሮፓው ጦርነት ወዲህ እኔና እሱ አንነጋገርም» አለ ወደ ሰማይ በአገጩ እየጠቆመ። «መጀመሪያ እሱ ይናገር።»

ወይዘሮ ፍሩማ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ ቤት ውስጥ ሠላሳ ሴቶችን ታሠራለች። ብዙዎቹ ባል የሞተባቸው ናቸው። ዘካርያስ ሲገባ ሁሉም ክሩን ይዘው ቀና አሉ። ኃላፊያቸው ባለ ሻሽ፣ ዓይኗ ፈጣን ሴት ናት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የረቢውን በር አንኳኩታ የሚከፍት እንዳጣች ተናገረች። ናይለን ከቀረ እነዚህ ሴቶች የት ይገባሉ ብላ ልትለምናቸው ነበር የሄደችው። ዘካርያስ ሰደርያውን ከወረቀቱ አወጣ። ገና ከእጥፋቱ ሳይዘረጋው፣

«የኛ አይደለም» አለች።

«አላዩትም እኮ።»

«የኛ አይደለም አልኩህ።»

ይህን እያለች ጣቶቿ አንዱን የትከሻ ጥብጣብ አንሥተው ፈታ ያለውን ቋጠሮ መልሰው አሰሩት። ሁለት ዙር፣ አንድ ዓይን፣ ከዚያ ጫፉን ወደ ውስጥ። የሌላው ትከሻ ቋጠሮም እንዲሁ ነበር። ዘካርያስ አየ። ሴትዮዋም እጇ እንደከዳት ስትመለከት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ጌዳልያን ለመጨረሻ ተወው። አገልጋዩ ምኩራቡ የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ሬሳው ከተኛበት በር አጠገብ፣ ወለል ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ መጻሕፍት በመሸከም የደነደነ ትከሻ አለው፤ ጺሙ እንባ በእንባ ሆኗል። ሐካሙ ከወጡ በኋላ ሙጫ ለማምጣት ወጥቶ እንደነበር፣ ምንም እንዳልሰማ ተናገረ። ረቢውን ሠላሳ ዓመት አገልግሏል፤ ጽሑፋቸውን የሚገለብጠው እሱ ነው፤ ልጁ ሲሞት ሰባቱን የሐዘን ቀን ሁሉ ረቢው መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠዋል።

ዘካርያስ ሊነሣ ሲል ጌዳልያ እጁን ያዘው።

«ሰው ሁሉ ይወቅ» አለው። «ረቢዬ በናይለን ሞተ። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አልካደውም። ይህን ጻፍልኝ።»

ዘካርያስ እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። ወደ ውጭ ወጥቶ በፀሐዩ ቆመ። የሚፈልገውን አግኝቷል፤ ባላገኘው ደስ ይለው ነበር።

ከቀትር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ምኩራቡ ውስጥ ሰበሰባቸው። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ሐካም ሙራድ፣ ሽፒትዘርና ጌዳልያ ተቀመጡ። ብሉማና ፍሩማ በሩ አጠገብ ቆሙ። የቀባሪዎቹ አለቃ በመስኮት በኩል ፀሐይዋን እየለኩ ነው። ዘካርያስ ሰደርያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ረቢ ኤልያቄም የሞቱት ሱፍ ለብሰው ነው» ብሎ ጀመረ። «ይህን ያለበሳቸው ሌላ ሰው ነው። ከላይና ከታች ደም አለ፤ እዚህ ላይ የደረቀ ደም ብናኝ ብቻ። ስለዚህ ደሙ እስኪደርቅ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አጠገባቸው የቆየ ሰው አለ። ያ ሰው ዓይናቸውን ከደነ። ዘርፉን ክር በክር ለየ። አልጠላቸውም።»

ሰደርያውን ወደ ጠረጴዛው መሀል ገፋው።

«ለምን አለበሳቸው? እዚህ ሰፈር የሊቅ ሥራ ከቃሉ ይበልጣል። ረቢው በናይለን ሞቱ ከተባለ፣ ናይለኑ ጸደቀ ማለት ነው። ይህን ሐካም ሙራድ አይፈልጉም፤ ሲሟገቱ የኖሩት በተቃራኒው ነው። የቀሩት ሦስቱ ይፈልጋሉ።»

ሽፒትዘር ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። ዘካርያስ ወደ እሱ ዞረ።

«እርስዎ ቢሆኑ አዲስ ያመጡ ነበር፤ መጋዘን ሙሉ አለዎት። ይሄ ግን የላብ ጨው አለበት። የወለቀው ከሰው ገላ ላይ ነው፤ ዛሬ ጠዋት። እርስዎ አይለብሱም። ወይዘሮ ፍሩማ ሴት ናቸው። ሐካሙ ሱፍ ነው የሚለብሱት። ገዳዩ የገዛ ሰደርያውን አውልቆ ነው ያለበሳቸው።» ጣቱን ትከሻው ላይ አሳረፈ። «ይህ ደግሞ ክንዱን ማንሣት ለማይችል ሰው የተሰፋ ነው። ከላይ አይጠለቅም፤ ሁለቱ ትከሻዎች ላይ ይታሰራል። ለሬሳም የተመቸው ለዚህ ነው። ወይዘሮ ፍሩማ፣ ለስንት ሰው ሰፍተዋል እንዲህ ያለውን?»

ፍሩማ ከበሩ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

«ለአንድ» አለች። «ሁለት ሰፋሁለት። በአንዱ ተቀበረ።»

ሁሉም የተናገረችው ስለማን እንደሆነ፣ ሁለተኛውንም ማን ይለብሰው እንደነበር ገባቸው። ወደ ጌዳልያ የዞረ ግን አልነበረም፤ ሁሉም ጠረጴዛውን ነው የሚያየው።

«ጌዳልያ» አለ ዘካርያስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ረቢው ሲገኙ ሸሚዛቸው ተቆልፎ ነበር። የሚታየው ዘርፉ ብቻ ነው፤ ዘርፍ በናይለንም ላይ በሱፍም ላይ ያው የሱፍ ክር ነው። እርስዎ በናይለን ሞተ አሉኝ። እስከ መጨረሻው አልካደውም አሉኝ። ረቢው ሊክዱት መሆኑን ማንም አልነገረዎትም ነበር።»

ጌዳልያ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ።

«የቀረኝ ሱፉና ወረቀቱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያቃጥላቸዋል። እርስዎ ግን ያለ ዘርፍ አራት ክንድ አይራመዱም። የራስዎን ሲያወልቁ የሳቸውን፣ ደሙን እንደያዘ ለበሱት። ቤትዎ ሄደው ቀየሩት። ከዚያስ? ዘርፍ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት አይቃጠልም። ያረጁ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚኖሩበት ጓዳ ቁልፍ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው።»

ጌዳልያ ከአንገቱ ላይ ቁልፉን አውጥቶ በራሱ እጅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ከጓዳው፣ ከተቀዳደዱት የጸሎት መጻሕፍት መካከል፣ በንጹሕ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። የሱፍ ሰደርያ ነው፤ ጀርባው ጠቁሯል። በውስጡ የረቢው ጽሑፍ አለ። ብሉማ ስፌቷን አይታ በሩን ተደገፈች። ወረቀቱን ሐካም ሙራድ ተቀብለው ለብቻቸው ያነቡ ጀመር።

ጌዳልያ መናገር የጀመረው ማንም ሳይጠይቀው ነው።

«ጠርቶኝ ወጣሁ። ቁጭ በል አለኝና ያነብልኝ ጀመር። ‹ናይለን ልብስ አይደለም፤ የባረከበት ሁሉ በከንቱ ባረከ› የሚለው ላይ ሲደርስ ጆሮዬ ጮኸ። ልጄ በየጠዋቱ ከንፈሩ እየደማ ነበር የሚባርከው። ሁለት ዓመት። ሥቃዩ ሲበዛ አንድ ቀን እንኳ ዝለለው ብዬው፣ ‹አባዬ፣ ሌላ ምን ቀረኝ› አለኝ። ያቺን አንዷን የቀረችውን ሊወስድበት ነው። ሞቶ ራሱን መከላከል የማይችለውን ልጅ። ወረቀቱን ነጥቄ በውስጠኛው ደረጃ ወረድኩ። ቆይ፣ አልጨረስኩም እያለ ተከተለኝ። እጅጌዬን ያዘ። እጄን መነጨቅኩ፤ ወደቀ።»

«ሲወድቁ አልሞቱም» አለ ዘካርያስ። «ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው ልባቸው እየመታ ነው።»

«አልሞተም።»

«ሐኪም ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ጌዳልያ። «ቢተርፍ ቅዳሜ ያነብበው ነበር። እጁን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሠላሳ ዓመት የሳምኩትን እጅ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።»

ብሉማ ከበሩ ላይ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ልቅሶው የመጣላት። ፍሩማ አቀፈቻት።

ሐካም ሙራድ የመጨረሻውን ገጽ ጨርሰው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

«ጌዳልያ፣ ይህችን አንብበሃታል?»

«ምኑን አነባለሁ» አለ።

ሽማግሌው አነበቡ።

«‹ከዛሬ በፊት በእኔ ቃል ተማምነው በናይለን የባረኩ ሁሉ በከንቱ አልባረኩም፤ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የሚጠየቅበትም እኔ ነኝ። ከሁሉ አስቀድሞ የጌዳልያ ልጅ ይሳኮር። ሥጋው ሱፍንም ጥጥንም አልቻለም፤ ትእዛዙን ግን ቻለ። እርሱ በናይለን ያደረሰው ቡራኬ እኔ ስድሳ ዓመት በሱፍ ካደረስኩት ይበልጣል። ይህን የሚጠራጠር ብይኔን አልተረዳም። ጌዳልያ ሆይ፣ ይህችን ገጽ ቅዳሜ በሕዝብ ፊት የምታነብባት አንተ ነህ።›»

ሽፒትዘር ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ ወጣ። ጌዳልያ እጁን ዘረጋ፤ ሐካሙ ገጹን ሰጡት። በጣቱ መስመር መስመሩን እየተከተለ፣ እንደ ተማሪ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ ፊርማው አነበበ። ከዚያ ተመልሶ ከላይ ጀመረ። ሦስተኛ ጊዜ ሊጀምር ሲል ዘካርያስ ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ከእጁ ወሰደው።

የቀባሪዎቹ አለቃ ከመስኮቱ ዞሩ። ጊዜው ደርሷል። በደም የራሰውን ሱፍ መልሰው ረቢውን አለበሷቸው፤ ደማቸው ከሳቸው ጋር መቀበር አለበትና። ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሐካም ሙራድ በሬሳው ራስጌ ቆመው፣ ተሟጋቻቸው ምን ብለው እንደፈረዱና ስለ ይሳኮር ምን ብለው እንደጻፉ ለሕዝቡ ነገሩ። ስለ አሟሟታቸው አልተናገሩም፤ ያም ሲመሽ ከቤት ቤት ደርሶ ነበር። ናይለኑ ቀረ። ፋብሪካው ማሽኑን አቆመ። የፍሩማ ሴቶች ግማሾቹ ወደ ሱፍ ዞሩ፤ ግማሾቹ የት እንደገቡ አይታወቅም።

የፖሊሱ መኪና ከከተማዋ የወጣው ቀብሩ ሳያልቅ ነው። ጌዳልያ ከኋላ ተቀምጧል፤ ካቴና አልገባለትም፤ ዘካርያስ አጠገቡ ነው። ብዙ መንገድ ሳይነጋገሩ ሄዱ። የብርቱካን እርሻዎቹ ጋ ሲደርሱ ጌዳልያ ተናገረ።

«ወድቆ ሳለ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ‹አንብብ› አለኝ።»

ዘካርያስ ዞር ብሎ አየው።

«ሁለት ጊዜ። አንብብ፣ አንብብ። የሞት ሰዓት ጸሎት አንብብልኝ ያለኝ መሰለኝ። ወረቀቱ በግራ እጄ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና መዝሙረ ዳዊት በቃሌ ደገምኩለት። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ነው ያረፈው።»

ሾፌሩ ከፊት መስታወቱን ዝቅ አደረገ፤ ትኩሱ ነፋስ ገባ።

«ያን ሁሉ ስደግም ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም» አለ ጌዳልያ። «እንዳልገባኝ ገብቶታል።»